ደብረ ማርቆስ፦ በምሳ ሰዓት የምትታለፍ ከተማ

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በመኪና የተመላለሰ ሰው ሁሉ ደብረ ማርቆስን አውቃታለሁ ይላል። የሚያውቃት ግን በምሳዋ ነው። ማለዳ ከመዲናዋ የተነሣ መንገደኛ ጎሐ ጽዮን ላይ ቡና ቀምሶ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ ደጀንንና ሉማሜን ከኋላው ጥሎ ሲመጣ ሆዱ የሚጠራው እዚህች ከተማ ላይ ነው። ይበላል፣ እጁን ይታጠባል፣ ሾፌሩ ጥሩንባ ሲነፋ ይሮጣል። ቀና ብሎ የሚያየው ዋናውን መንገድ፣ ባጃጆቹንና የሆቴሎቹን ሰሌዳ ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከባሕር ዳር ደግሞ 265 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ መካከል ላይ መቀመጧ ለምግብ ቤቶቿ በጅቷል፤ ለታሪኳ ግን አልበጃትም።

በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ 62,497 ነዋሪዎች የመዘገበላት፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,446 ሜትር ላይ የተቀመጠችው ደብረ ማርቆስ የምሥራቅ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ ናት። አንድ ዘመን ግን የመላው ጎጃም መናገሻ ነበረች። ንጉሥ ነግሦባታል፣ ጣሊያን መሽጎባታል፣ ከስደት የተመለሰ ንጉሠ ነገሥት ሦስት ሳምንት ያህል ተቀምጦባታል። ከሰዓት በኋላውን ለእሷ መስጠት የሚፈልግ መንገደኛ ቢኖር ምን ያገኛል? የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ነው።

መንቆረር

የከተማዋ የቀድሞ ስም መንቆረር ነው። በ1845 ዓ.ም. የቆረቆሯት ደጃዝማች ተድላ ጓሉ ናቸው። የእኚህ ሰው ስም ከጎጃም ውጭ ብዙም አይነሣም እንጂ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ታሪክ ውስጥ ቀላል ቦታ የላቸውም። ንጉሠ ነገሥቱ አገሩን ሁሉ አንድ አደርጋለሁ ብለው ሲዘምቱ አልገብርም ብለው አምባ ላይ ከወጡት ባላባቶች አንዱ እሳቸው ነበሩ። ጎጃምም በዚህ የተነሣ ብዙ ዋጋ ከፍላለች። ስለ ቴዎድሮስ በአዲስ አበባ የሚነገረውና በጎጃም የሚነገረው ታሪክ አንድ የማይሆነው ስለዚህ ነው። አንባቢ ይህን ልዩነት ይዞ ወደ ከተማዋ ቢገባ የሚሰማውን ሁሉ ለመረዳት አይቸገርም።

መንቆረርን ደብረ ማርቆስ ያደረጓት ግን ራስ አዳል ተሰማ ናቸው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በጥር 1873 ዓ.ም. ራስ አዳልን ተክለ ሃይማኖት ብለው የጎጃምና የካፋ ንጉሥ አድርገው አነገሷቸው። በንጉሡ ዘመን የታነጸው የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ለከተማዋ ስሙን ሰጣት፤ አሮጌው ስም ግን በሽማግሌዎች አፍ ቆይቷል።

በዚህ ሹመት ውስጥ አንዲት ቃል እሳት ነበረባት። "የካፋ" የምትለዋ። ካፋ ከዓባይ ማዶ፣ ከጊቤም ማዶ ነው፤ ቡናውና ወርቁ የሚመጣበት አገር። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ዓይናቸውን የጣሉት እዚያው ላይ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ ሁለቱን ባለዘውዶች በአንድ ገበያ ላይ አገናኟቸው ማለት ነው፤ አስበውበት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔም ሳያስቡበት ነው ብዬ ለመከራከር አልደፍርም። በ1874 ዓ.ም. ክረምት ሊገባ ሲል ሁለቱ ጦሮች እንባቦ ላይ ተጋጠሙ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ። ከዓባይ በስተደቡብ ያለው ሀብት የሸዋ መሆኑ የታወቀው ያን ቀን ነው። የኢትዮጵያ ዋና ከተማ ዛሬ እንጦጦ ሥር እንጂ ጨሞጋ ወንዝ ዳር ያልሆነበትን ምክንያት የሚፈልግ ሰው ከእንባቦ ቢጀምር አይሳሳትም።

መከራው በዚህ አላበቃም። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች የንጉሡን ጦር ድል አድርገው ጎንደርን አቃጠሉ። በቀጣዩ ዓመት ዐፄ ዮሐንስ፣ ተክለ ሃይማኖት ከምኒልክ ጋር መከሩብኝ ብለው ጎጃምን በጦራቸው አስዘረፉ። ወዲያውም ክፉ ቀን የተባለው የከብት እልቂትና ረኃብ ተከተለ። ከዚያ ሁሉ በኋላ ንጉሡ በ1888 ዓ.ም. ጦራቸውን ይዘው ዐድዋ መገኘታቸውን ማሰብ ያስፈልጋል። ያረፉት በ1893 ዓ.ም. ነው። በጎጃም የንጉሥነት ማዕርግ የያዘ ሰው ከእሳቸው በኋላ አልተነሣም።

ልጃቸው ራስ ኃይሉ ሌላ ዓይነት ሰው ነበሩ። ንግድ ያውቃሉ፣ ገንዘብ ያውቃሉ፣ ግብር መጣልም ያውቃሉ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ አውሮጳን ሲጎበኙ አብረው ከሄዱት መሳፍንት አንዱ ሆነው ፓሪስንና ለንደንን አይተዋል። በ1924 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከእስር ባመለጡ ጊዜ እጃቸው አለበት ተብለው ተሻሩ፤ ሀብታቸውም ተወረሰ። በቦታቸው ራስ እምሩ ተሾሙ።

የ1933 ሦስት ሳምንት

ጣሊያን ደብረ ማርቆስን በ1928 ዓ.ም. ያዘ፤ አርፎ ግን አልተቀመጠባትም። በ1930 ዓ.ም. ጎጃም ተነሣ። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ ልጅ ኃይሉ በለው፣ በቢቸና በኩልም አባ ኮስትር በላይ ዘለቀ ገጠሩን ይዘው ጠላትን በየከተማው ምሽግ ውስጥ ዘጉት። ራስ ኃይሉ ደግሞ ከጣሊያን ጋር ሆኑ። የአባታቸው ከተማ የሁለቱም ወገን ከተማ ሆነች።

ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻግረው በጎጃም በኩል ገቡ። አብሯቸው የነበረው በኮሎኔል ዊንጌት የሚመራው "ጌዴዎን ኃይል" በቁጥር ከጣሊያን ጦር ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ያሸነፈው ገሚሱን በጦርነት፣ ገሚሱን በማስፈራራት ነው። ከዚህ ዘመቻ ከሚተረኩት ታሪኮች አንዱ የሆነው ደብረ ማርቆስ ውስጥ ነው፦ ጣሊያኖች ለቀው በወጡበት ምሽግ ስልኩ ይጮኻል። የሚደውለው በዓባይ መሻገሪያ፣ ሳፈርታክ ላይ የቀረ የጣሊያን ዘብ ነው። ጣሊያንኛ አጣርቶ የሚናገር አሜሪካዊ ጋዜጠኛ አብሯቸው ስለነበር ያነሣና አሥር ሺህ የእንግሊዝ ጦር ወደ እናንተ እየመጣ ነው ይለዋል። ዘቡ ምን እናድርግ ብሎ ይጠይቃል። ሂዱ ይባላል፤ ይሄዳል።

ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ የገቡት መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። በዚያው ቀን ከደቡብ የመጣው የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባን ያዘ። ራስ ኃይሉም ሰዎቻቸውን ይዘው ወጥተው ለጌታቸው እጅ ነሡ። ከዚህ በኋላ ያለው ነገር በየትምህርት ቤቱ እምብዛም አይነገርም፦ ዋና ከተማቸው ነጻ የወጣችላቸው ንጉሠ ነገሥት ወደዚያው ለመሄድ አልተፈቀደላቸውም። የእንግሊዝ ጦር አዛዦች በአዲስ አበባ ስላሉት ጣሊያናውያን ሴቶችና ሕፃናት እንሰጋለን አሉ። ሌላም የልብ ሐሳብ እንደነበራቸው ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጠርጥረዋል፤ በ1934 ዓ.ም. የተፈረመውን ውል ያነበበ የሕግ ሰው ጥርጣሬው ያለ ምክንያት ነው አይልም። ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ላይ የተሰቀለው ሰንደቅ ዓላማ ከዚያ በፊት ሦስት ሳምንት ያህል ተራ የጠበቀው ደብረ ማርቆስ ላይ ነው። በእነዚያ ሳምንታት የኢትዮጵያ መንግሥት መቀመጫ ይህች ከተማ ነበረች ብል ማጋነን አይሆንም።

ከድሉ በኋላ የሆነው ለጎጃም ሰው ዛሬም ቁስል ነው። በላይ ዘለቀ ደጃዝማች ተብለው ቢቸናን ተሾሙ፤ ቅር ተሰኝተው ሸፈቱ፤ ተይዘው ተፈረደባቸው፤ ከእስር ሊያመልጡ ሞክረው በጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀሉ። አብረዋቸው ከተሰቀሉት አንዱ የራስ ኃይሉ ልጅ ልጅ ማሞ ናቸው። ለጣሊያን ያደሩት ራስ ኃይሉ ግን በግዞት ይሁን እንጂ በአልጋቸው ላይ ሞቱ። ፍርዱ በሥርዓቱ የተሰጠ ነው የሚል ክርክር ሰምቻለሁ። ሥርዓት የተሟላለት ፍርድ ሁሉ ግን ፍትሕ አይደለም፤ በቢቸና መንደሮች የሚዘፈነውን የሰማ ሰው ሕዝቡ ይግባኙን እስካሁን እንዳልዘጋው ይረዳል።

ግብርም ሌላው የጎጃም ክርክር ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የጎጃም ገበሬ ያነበበው የግብሩን ልክ ሳይሆን ከጀርባው ያለውን ነው፤ መሬቱ ሊለካ ነው፣ ርስቱ ሊወሰድ ነው። በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት የተነሣው አመፅ የጦር አውሮፕላን እስኪላክበት ደርሶ በመጨረሻ መንግሥት አጎነበሰ። ደብረ ማርቆስ ይቀመጡ የነበሩት እንደራሴ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ ውዝፉም ተማረ። በዘመኑ በነበረው ፓርላማ የጸደቀ አዋጅ በገበሬ እምቢታ የቀረበት ጊዜ በታሪካችን ብዙ አይደለም።

ንጉሥ ሲሄድ ከተማ ምን ይሆናል

ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በጎጃም በኩል ከመግባታቸው በፊት አራት ዓመት የቆዩት በእንግሊዝ አገር ነበር። መኖሪያቸው ባዝ ከተማ ቢሆንም በ1936 እ.ኤ.አ. በደቡብ እንግሊዝ ባሕር ዳርቻ ባለችው በወርዚንግ፣ በአንድ ሆቴል አርፈው ነበር። ሆቴሉ ከብዙ ዓመት በኋላ ተቃጥሎ በቦታው የመኖሪያ ሕንፃ ተሠርቷል። የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት እዚህ አርፎ ነበር የሚል ሰሌዳ ግን ተለጥፎበታል። የፈረሰ ሆቴል፣ የአጭር ጊዜ እንግዳ፤ ከተማዋ ግን አልረሳችም።

ከወርዚንግ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ብራይተን አለች፤ የእሷ ታሪክ ደግሞ ለደብረ ማርቆስ የበለጠ ይቀርባል። ብራይተን የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች። በ18ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ አንድ ሐኪም የባሕር ውኃ መድኃኒት ነው ብሎ ስለጻፈ ሀብታሞች መምጣት ጀመሩ፤ የእኛ ሰው ጠበል እንደሚሄደው ማለት ነው። በ1783 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ አልጋ ወራሽ መጣ፤ ወደዳት። በኋላ ጆርጅ 4ኛ ተብሎ የነገሠው ይኸው ሰው በሕንድ አሠራር ጉልላቱ የበዛ ቤተ መንግሥት አሠራባት። ከተማዋም በንጉሡ ዙሪያ አደገች። ከዚያ ንግሥት ቪክቶሪያ መጣችና ቦታውን ጠላችው፤ ሰው ይበዛበታል፣ መሸሸጊያ የለውም አለች። ዕቃው ተጭኖ ወደ ለንደን ሄደ፤ ቤቱም ሊፈርስ ነበር።

የብራይተን ሰዎች በ1850 እ.ኤ.አ. ያደረጉት ነገር ለእኔ እንደ ሕግ ሰው ያስደንቀኛል። የከተማዋ አስተዳደር ከ50 ሺህ ፓውንድ በላይ ከፍሎ ቤተ መንግሥቱን ገዛው። ባለቤት ሆነ። ከአሥር ዓመት ቀድሞ ከለንደን የሚመጣ ሰው በሠረገላ ይቸገር እንደነበረው አልነበረም፤ በ1841 እ.ኤ.አ. የባቡር ሐዲድ ከለንደን ገብቶ ስለነበር ተራው ሠራተኛም በእረፍት ቀኑ እየመጣ ንጉሥ የበላበትን አዳራሽ በሳንቲም ከፍሎ ያይ ጀመር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ያ ቤት ለቆሰሉ የሕንድ ወታደሮች ሆስፒታል ሆኖ አገልግሏል። እስከ ዛሬም የከተማዋ ዋና መስሕብ ነው። ባሕሩ ማንኛውም የደቡብ እንግሊዝ መንደር ያለው ነገር ነው፤ ብራይተንን ብራይተን ያደረጋት የሄደውን ንጉሥ ቤት አልለቅም ማለቷ ነው።

ደብረ ማርቆስም ንጉሧ ሄዷል። በ1980 ዓ.ም. ደርግ ጎጃምን ሲከፋፍል የምሥራቁ ክፍል ብቻ ቀረላት፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ የክልሉ መቀመጫ ባሕር ዳር ሆነች። ባሕር ዳር ጣና አላት፣ ጢስ ዓባይ አላት፤ ጎብኚ ወደ ውኃው ቢሄድ አይፈረድበትም። ደብረ ማርቆስ የቀራት ያ ንጉሥ ያሠራው ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት፣ በዙሪያቸውም ያለው አሮጌ ሠፈር ነው።

የቅርስ ሕግ የለንም የሚል ካለ ተሳስቷል። በ1958 ዓ.ም. የወጣ የጥንታዊ ቅርስ አዋጅ ነበረን፤ ደርግም የራሱን አወጣ፤ አሁን የምንጠቀምበት አዋጅ ቁጥር 209/1992 ነው። ቅርስ ይመዘገባል፣ ያለ ፈቃድ አይነካም፣ ባለይዞታው ይጠብቀዋል ይላል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 839 ደግሞ ቅርሶችን በብሔራዊና በክልል ደረጃ እንዲሰየሙ አደረገ። ወረቀቱ ሙሉ ነው። ችግሩ ያለው "ባለይዞታ" የምትለዋ ቃል ላይ ነው። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ በአገራችን ከተሞች ሁሉ ያሉት አሮጌ ቤቶች የቀበሌ ሆኑ። ተከራዩ የሚከፍለው ሳንቲም ጣራ አያስጠግን፣ ቀበሌው በጀት የለው፤ ቤቱ በቁሙ ይበሰብሳል። ከዚያ በኋላ የሚመጣ መሐንዲስ "ያረጀና ያፈጀ" ብሎ ይጽፋል፤ ቦታው በሊዝ ይሰጣል። አፍራሹ ሕግ አልጣሰም፤ ጠባቂውም አልነበረም። የብራይተን ሰዎች ገንዘባቸውን ያወጡበትን ቤት ለማስፈረስ የሚመጣውን ዝም አይሉም ነበር።

ስለዚህ የደብረ ማርቆስ ማዘጋጃ ቤት ከፌዴራል ጉብኝት ከመጠበቅ በራሱ ቢጀምር ይሻለዋል። የትኛው ቤት የማን እንደነበረ የሚያውቁ ሽማግሌዎች በሕይወት እያሉ መመዝገብ፣ በየደጁ ሁለት መስመር የተጻፈበት ሰሌዳ መለጠፍ። ወርዚንግ ላልነበረ ሆቴል ያደረገችውን፣ ሦስት ሳምንት የመንግሥት መቀመጫ የነበረች ከተማ ለቆመ ቤት ማድረግ አያቅታትም።

የሚታየው

ለሚቆይ ሰው፣ በከተማዋ ውስጥ የሚጀመረው ከቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሚያዝያ 30 ክብረ በዓሉ ስለሆነ በዚያ ቀን የደረሰ ሰው ከየገጠሩ የመጣውን ሕዝብ፣ ዝማሬውንና ሽብሸባውን ያያል። ቀጥሎ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥት ነው። አብማ ማርያምም አለች። በ1999 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል የጀመረው ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ለከተማዋ አዲስ ነፍስ ሰጥቷታል፤ በክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ስም የሰየመው የባህል ተቋምም አለው።

ሐዲስን ማንሣታችን ካልቀረ፣ "ፍቅር እስከ መቃብር"ን ያነበበ ሰው ይህን አገር ቀድሞ ያውቀዋል። ደራሲው የተወለዱት ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቀው በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ነው፤ ቅኔ የተማሩትም በዚሁ አገር አድባራት፣ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ነው። መጽሐፉ የወጣው በ1958 ዓ.ም.፣ ደራሲው በለንደን አምባሳደርነት አገልግለው ከተመለሱ በኋላ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ገበሬውን ሊወጉ የዘመቱበት ገጽ ከታተመ ሁለት ዓመት ሳይሞላ እውነተኛው የጎጃም ገበሬ በግብር ጉዳይ መነሣቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ዲማ ጊዮርጊስ ከቢቸና ወጣ ብሎ፣ ወደ ዓባይ ገደል አፋፍ የሚገኝ የመጻሕፍት ገዳም ነው። ደብረ ኤልያስ በምዕራብ በኩል ነው። በእነዚህ ደብሮች አካባቢ የሚያልፍ ሰው በጎጆው ደጅ ተቀምጦ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያጉተመትም ተማሪ ቢያይ አይረብሸው፤ ቅኔ እየቆጠረ ነው። ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ መወድስ የሚደርሰው ይህ ትምህርት መጽሐፍ የለውም ማለት ይቻላል፤ መምህሩ ይነግራል፣ ተማሪው በማግስቱ የራሱን አዲስ ይዞ ይመጣል። የትናንቱን መድገም ነውር ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከዚህ የሚማሩት ነገር አለ።

ርቀው መሄድ ለሚችሉ መርጡለ ማርያም አለ። በእነብሴ ሳር ምድር፣ በ16ኛው መቶ ዓመት መባቻ ላይ እቴጌ እሌኒ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ነው። ድንጋዩ ላይ የተቀረጸው አበባና ሐረግ የአገራችን ጠራቢ ብቻውን ያወጣው አይመስልም። እሌኒ ከዓባይ ወዲህ ተቀምጠው ፖርቱጋል ድረስ መልእክተኛ የላኩ ሴት ናቸው፤ ባሕር የሌለው ጎጃም ከባሕር ማዶ ጋር የተነጋገረው በእሳቸው አፍ ነው። ጎጃም እኮ ራሱ ደሴት ነው ማለት ይቻላል፤ ዓባይ በሦስት በኩል ከቦታል። ድልድይ ሳይኖር በክረምት ወደ ሸዋ መሻገር ነፍስን አስይዞ ነበር። በሞጣ በኩል ያለው፣ ከጎንደር ዘመን የቀረው ሰባራ ድልድይ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ጠላት እንዳይሻገር መካከሉ ስለተሰበረ ነው። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ጃፓን በእርዳታ ያሠራችው የሕዳሴ ድልድይ የተመረቀው በ2000 ዓ.ም. መገባደጃ ነው።

ከከተማዋ በስተሰሜን የሚታየው ተራራ ጮቄ ነው፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል። መንገዱ በስናን፣ በረቡዕ ገበያ በኩል ነው። ገብስና ድንች፣ ከፍ ሲል እንግዶ፣ ከዚያም አስታና ጅብራ ይመጣል። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃና ሌሎች ብዙ ወንዞች ከዚህ ይነሣሉ፤ ሁሉም የሚገቡት ዓባይ ነው። እርሻው ወደ ላይ እየወጣ ሣሩን ስለበላው ክረምት ክረምት ወንዞቹ የሚጠጡት ጭቃ ነው፤ ያ ጭቃ ዞሮ ዞሮ ብዙ ቢሊዮን ብር ወደ ፈሰሰበት ግድብ ይገባል። ጮቄን የማዳን ወጪ ከግድቡ በጀት ጋር አብሮ ያልታሰበበትን ምክንያት የሚያስረዳኝ እስካሁን አላገኘሁም።

በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የተነሣው ግጭት የጎጃምን መንገድ ብዙ ጊዜ ዘግቶታል፤ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅም የታወጀው በዚያው ዓመት በሐምሌ መጨረሻ ነው። ስለዚህ ከመነሣት በፊት የመንገዱን ሁኔታ መጠየቅ ግድ ነው። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ደኅናው ወር መስከረም አጋማሽ ላይ ይጀምራል፤ ጭቃው ደርቆ፣ ጤፉ አረንጓዴ ሆኖ፣ አደይ አበባው ገና ሳይረግፍ። ጮቄ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ጋቢ መያዝ ነው። ምሳውን ደብረ ማርቆስ በልቶ ለማደር የወሰነ ሰው ደግሞ ማታ በዓሣ ፋንታ ጥሩ የጎጃም ነጭ ጤፍ እንጀራ በማር ጠጅ ያገኛል።